ብረት ሳይሰበር ይናገራል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት፥ በወላጆችና በመምህራን ፊት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የምናገርበት ርእስ በሥራ ላይ ያለ የመኪና ክፍል ጤንነቱ እንዴት እንደሚጠበቅና የሚሰበርበትም ጊዜ አስቀድሞ እንዴት እንደሚታወቅ ነው። ርእሱን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ «ይህስ የመካኒኮች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን በሕይወቱ መኪና ያልተሳፈረ የለም፤ የምንበላው ዱቄት በወፍጮ የተፈጨ፥ የምንጠጣውም ውኃ በፓምፕ የተሳበ ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁላችንንም ያገባናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ወደ ሩቅ አገር ጥበብ ከመሄዴ በፊት ከቤታችን ልጀምር። እናቶቻችን ገበያ ወርደው ምጣድ ወይም እንስራ ሲገዙ ምን ያደርጋሉ? ዕቃውን አንሥተው በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉታል፤ ጆሯቸውንም አዘንብለው ያዳምጣሉ። ደኅናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ግን ስንጥቁ ለዐይን ባይታይም እንኳ ድምፁ የታፈነ ይሆናል። ልክ እንደዚሁ በብዙ አገሮች የባቡር ጣቢያ ውስጥ ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዞ መንኰራኵሮቹን አንድ በአንድ የሚመታ ሠራተኛ ነበረ። መንኰራኵሩ ጥርት ብሎ ከጮኸ ባቡሩ ይለፍ ይባላል፤ ድምፁ ከታፈነ ግን ይቆማል። የእናቶቻችን ጣትና የባቡር ሠራተኛው መዶሻ የሚያስተምሩን ትምህርት አንድ ነው፤ ይኸውም ዕቃ ከመሰበሩ በፊት ይናገራል ማለት ነው።

አሁን ብረት ለምን እንደሚሰበር እንመልከት። ብዙ ሰው ብረት የሚሰበረው ከዐቅሙ በላይ ሲጫን ብቻ ይመስለዋል። ይህ ግን ከእውነቱ ግማሹ ነው። አንድ ቀጭን ሽቦ ውሰዱና አንድ ጊዜ ዕጠፉት፤ አይሰበርም። እያጠፋችሁና እያቀናችሁ ብትደጋግሙት ግን የእጃችሁ ኀይል ሳይጨምር በመጨረሻ ለሁለት ይከፈላል። ይህንን መሐንዲሶች የብረት ድካም ብለው ይጠሩታል።

የዚህ ነገር ዕውቀት በከባድ ዋጋ የተገኘ ነው። በ1842 በግንቦት ወር ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የጎታቹ ዘንግ ተሰብሮ ከሐዲዱ ወጣ፤ እሳትም ተነሥቶ ከ50 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሊቃውንት ደኅና ይመስል የነበረ ዘንግ ለምን እንደሚሰበር በብርቱ ይመረምሩ ጀመር። ከእነርሱም መካከል በፕሩሲያ የባቡር መሐንዲስ የነበረው አውጉስት ቮለር ከ1850ዎቹ አንሥቶ እስከ 1870 ድረስ የብረት ዘንጎችን በመኪና እያዞረና እየጫነ ፈተነ። ያገኘውም ውጤት ይህ ነው። አንድ ጊዜ ሲጫን ፈጽሞ ብረቱን የማይሰብር ሸክም፥ ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ ይሰብረዋል፤ ሸክሙ ሲቀንስ የሚሸከመው ዙር ይበዛል፤ ሸክሙ ከአንድ ልክ በታች ከሆነ ደግሞ የብረቱ ዕድሜ እጅግ ይረዝማል።

ድካም የሚጀምረው በጥቃቅን ቦታ ነው። በብረቱ ላይ አንድ ጭረት፥ ወይም የሾለ ማዕዘን፥ ወይም የቡሎን ቀዳዳ ይኖራል እንበል። ሸክሙ እዚያ ላይ ይበረታል፤ ከጊዜ በኋላም ዐይን የማያየው ስንጥቅ ይወጣል። ስንጥቁ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት ይረዝማል፤ መጀመሪያ በዝግታ፥ በመጨረሻ ግን በፍጥነት ይሄዳል። እንግዲህ ስንጥቅ የሚወለድበትና የሚያድግበት ጊዜ ካለው፥ ከመሰበሩ በፊት ልናገኘው የምንችልበት ጊዜ አለን ማለት ነው። የመሰበርን ጊዜ አስቀድሞ የማወቅ ጥበብ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

በ1954 በጥርና በሚያዝያ ወር ኮሜት የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ የጄት አውሮፕላኖች በሜዲቴራንያን ባሕር ላይ በአየር ተበታትነው 56 ሰዎች ሞቱ። የእንግሊዝ መሐንዲሶች ምክንያቱን ለማግኘት ፋርንቦሮ በሚባል ቦታ አንድ ሙሉ የአውሮፕላን አካል በውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው፥ አውሮፕላን ሲወጣና ሲወርድ በውስጡ ያለው የአየር ግፊት እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ አድርገው ደጋግመው ነፉት። አውሮፕላኑ ቀድሞ ከበረራቸው ጋር ተደምሮ ወደ 3,000 ዙር ሲደርስ አካሉ ከአንድ መስኮት ማዕዘን ጀምሮ ተቀደደ። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ዕድሜው በዓመትና በሰዓት ብቻ ሳይሆን በተነሣበትና ባረፈበት ቁጥርም ይቈጠራል።

ይህን ከሰማችሁ በኋላ «እንግዲያስ ሁሉን ክፍል በየጊዜው እየጣልን በአዲስ ብንለውጥ አይሻልም ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን በ1978 ኖውላንና ሂፕ የተባሉ ሁለት የዩናይትድ አየር መንገድ መሐንዲሶች ባወጡት ጥናት፥ ከመረመሯቸው የአውሮፕላን ክፍሎች መካከል የዕድሜ ገደብ ተሰጥቷቸው ቢለወጡ የሚጠቅመው 11 ከመቶ የሚሆኑትን ብቻ እንደ ነበረ ታወቀ። የቀሩት 89 ከመቶ ዕድሜያቸው ስለ ገፋ ብቻ የመበላሸታቸው ዕድል አይጨምርም ነበር። እንዲያውም አንዳንድ ክፍል አዲስ ሲገጠም፥ በአሠራር ወይም በአገጣጠም ጉድለት የተነሣ የመበላሸቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ደኅናውን አውጥቶ አዲሱን መግጠም አንዳንድ ጊዜ ጥፋት ይሆናል።

ለዚህም በየመኪናው ጎማ ውስጥ ያለውን ኩሽኔታ እንውሰድ። ኩሽኔታ ሠሪዎች የዕድሜውን ልክ ሲናገሩ፥ ከአንድ ዓይነት 100 ኩሽኔታዎች መካከል 90ዎቹ ሳይበላሹ የሚደርሱበትን የዙር ብዛት ማለታቸው ነው። የቀሩት 10 ከዚያ በፊት ይበላሻሉ። የእናንተ ኩሽኔታ ከ90ዎቹ ወይም ከ10ሩ መሆኑን መጽሐፍ አይነግራችሁም። ደግሞም ሸክም የኩሽኔታን ዕድሜ እጅግ ይበላዋል፤ በኳስ ኩሽኔታ ላይ ሸክሙ እጥፍ ቢሆን ዕድሜው ወደ 1/8 ይወርዳል፤ በሮለር ኩሽኔታ ላይ ደግሞ ወደ 1/10 ግድም ይወርዳል። «ጥቂት ኩንታል ብንጨምር ምን ይለዋል?» የሚሉ ባለመኪናዎች ይህን ሒሳብ ቢያስቡበት መልካም ነው።

እንግዲህ የቀን መቁጠሪያ ብቻውን የማይበቃ ከሆነ ዕቃውን ራሱን ማዳመጥ ያስፈልጋል። ዕቃ የሚናገርባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

መጀመሪያው ሙቀት ነው። ግራሶው ያለቀበት ወይም የተጎዳ ኩሽኔታ ሰበቃው ስለሚጨምር ይሞቃል። ሁለተኛው መንቀጥቀጥና ድምፅ ነው። በኩሽኔታው መንገድ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ቢወጣ፥ ኳሶቹ በዚያ ባለፉ ቁጥር ይመታሉ፤ የምቱም ቁጥር ከዘንጉ ፍጥነትና ከኳሶቹ ብዛት ስለሚሰላ፥ ዐዋቂ ሰው መሣሪያውን አስጠግቶ የተጎዳው የውስጡ ቀለበት ወይም የውጭው መሆኑን ሳይፈታ ሊለይ ይችላል። ሦስተኛው ዘይት ነው። ከሞተር የተቀዳ ዘይት በላቦራቶሪ ሲመረመር በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ የትኛው ክፍል እየተበላ እንደ ሆነ ያሳያል። አራተኛው ስንጥቅን በቀለም መግለጥ ነው። ዕቃው ታጥቦ ወደ ስንጥቅ የሚሰርግ ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ ከላይ ከተጠረገ በኋላ ነጭ ዱቄት ሲነሰነስበት በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ቀለም ተመልሶ ወጥቶ መሥመሩን ይገልጻል።

ዛሬ እነዚህን ሥራዎች መሣሪያዎች ይሠሩልናል፤ ትልልቅ አውሮፕላኖችም እየበረሩ ሳሉ የሞተራቸውን ሙቀትና ንዝረት ወደ ምድር ይልካሉ። ነገር ግን መሣሪያም ራሱ ይሳሳታል። በ2019 በመጋቢት ወር ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው አውሮፕላናችን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ያለቁበትን መራራ ቀን ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያ አውሮፕላን ላይ የነበረው ራሱን የቻለ የመቈጣጠሪያ ዘዴ አፍንጫውን ወደ ታች የገፋው የአንድ ጠቋሚ መሣሪያን የተሳሳተ ምስክርነት ተቀብሎ ነበር። አባቶቻችን በአንድ ምስክር አይፈረድም ሲሉ የተናገሩት ለመኪናም ይሠራል። ሙቀት የተናገረውን ድምፅ፥ ድምፅ የተናገረውንም ዘይት ሊመሰክርለት ይገባል።

መስማት ብቻውን ግን ትንቢት አይሆንም። ትንቢት የሚሆነው ሲጻፍ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለወፍጮ የኩሽኔታውን ሙቀት በየሳምንቱ ይመዘግባል እንበል። በመጀመሪያው ሳምንት 50 ዲግሪ፥ በሁለተኛው 51፥ በሦስተኛው 53፥ በአራተኛው 57፥ በአምስተኛው 65 ሆነ። በየሳምንቱ ያየ ግን ያልጻፈ ሰው «ትንሽ ሞቋል» ብቻ ይላል። የጻፈው ግን ጭማሪው 1፥ 2፥ 4፥ 8 እያለ በእጥፍ መሄዱን ያያል፤ በሚቀጥለውም ሳምንት 16 ጨምሮ 81 እንደሚሆን ይገምታል። የማያልፈውን ልክ 80 አድርጎ ከወሰነ፥ ወፍጮውን የሚያቆምበትን ቀን ራሱ ይመርጣል። ያልጻፈው ሰው ግን ቀኑን ወፍጮው ይመርጥለታል፤ ያም ቀን ብዙ ጊዜ የገበያ ቀን ይሆናል።

ሌላም ሕግ አለ። ምልክቱ መታየት ከሚጀምርበት ቀን እስከሚሰበርበት ቀን ያለው ጊዜ 60 ቀን ቢሆን፥ በየ90 ቀኑ የሚመረምር ሰው ምልክቱ በሁለት ምርመራ መካከል ተወልዶ ሊያድግና ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ቢያንስ በየ30 ቀኑ መሆን አለበት፤ አንዱ ምርመራ ቢያመልጠው ሌላው እንዲይዘው፥ ለመጠገኛም ጊዜ እንዲተርፍ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮቼ፤ እስካሁን የተናገርሁት ከመጽሐፍና ከመምህሮቼ ያገኘሁት ነው። አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ።

ባለፈው ዓመት በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ከአጎቴ ጋር በአይሱዙ የጭነት መኪናቸው ረዳት ሆኜ ሠርቼ ነበር። ከመቂ ወደ አዲስ አበባ ቲማቲም እንጭናለን። ሥራዬ በቆምን ቁጥር ጎማዎቹን በብረት እየመታሁ ማዳመጥና የየጎማውን እምብርት በእጄ ጀርባ እየነካሁ ሙቀቱን ማወቅ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከኋላ አንድ ድምፅ ሰምቼ መኪናውን አስቆምሁ። አጎቴ ወርደው ቢያዩ የጮኸው በደንብ ያልታሰረ ጀሪካን ነበር። አጎቴም አብረዋቸው የነበሩትም ሰዎች «ፕሮፌሰሩ ጀሪካን ታሞበታል!» እያሉ ሳቁብኝ። ቀኑን ሙሉም በዚህ ቀለዱብኝ።

በዚያው ቀን ማታ ከልኩ ጥቂት ሣጥን አስበልጠን ጭነን ስንመለስ ሞጆ ላይ ሻይ ለመጠጣት ቆምን። እንደ ልማዴ ጎማዎቹን ስነካ የፊት ቀኙ ጎማ እምብርት እጄን አስነሣኝ። ሌሎቹ ለብ ያሉ ነበሩ፤ እርሱ ግን ያቃጥል ነበር። ልናገር ብዬ ወደ ሻይ ቤቱ በር ሄድሁ፤ የሳቃቸውን ድምፅ ስሰማ የጠዋቱ ትዝ አለኝና ተመለስሁ። «ፍሬን ስለያዝን ይሆናል» ብዬ ራሴን አታለልሁ።

ዱከም ሳንደርስ የተቃጠለ ግራሶ ሸተተን፤ ወዲያውም መኪናው ወደ ቀኝ ተደፋ። የፊት ጎማው ተነቅሎ እየተንከባለለ በመንገዱ ዳር ሄደ። በዚያ በኩል አንዲት እናት አህያዋን ወደ ቤት ትነዳ ነበር፤ ጎማው በእርስዋና በአህያዋ መካከል አልፎ ቦይ ውስጥ ገባ። ሴትዮዋ ጮኸች፤ ከዚያ በኋላ ግን በቆመችበት ዝም ብላ ቀረች። ያንን ዝምታዋን እስካሁን አልረሳሁትም። ማንም ሰው አልተጎዳም፤ ቲማቲሙ ግን ዕቃ እስኪመጣ ሌሊቱንና ማግስቱን ፀሓይ ላይ ቆይቶ ግማሹ ተበላሸ።

ሌሊቱን ከመኪናው አጠገብ እሳት አንድደን ተቀምጠን ሳለ አጎቴ ጠየቁኝ።

«ሞጆ ላይ አልነካኸውም?»

«ነክቼዋለሁ፥ አጎቴ።»

«ይሞቅ ነበር?»

«ያቃጥል ነበር።»

ይቈጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እርሳቸው ግን ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፥ «ጠዋት ባልስቅብህ ኖሮ ማታ ትነግረኝ ነበር» አሉኝ። አጎቴ ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል፤ ይህንንም እንድናገር ፈቅደውልኛል። እኔ ግን ጥፋቱን ለእርሳቸው ብቻ አልተውም፤ እጄ ያወቀውን አፌ ደብቆታልና።

በኋላ በመጽሐፍ ስመረምር ይህ ጥፋት የእኔና የአጎቴ ብቻ አለመሆኑን አገኘሁ። በ1988 በሚያዝያ ወር በሃዋይ ደሴቶች አንድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን በ24,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሳለ የጣሪያው ብዙ ክፍል ተገንጥሎ ሄደ፤ አንዲት አስተናጋጅ ወደ ውጭ ተወስዳ ሞተች። አውሮፕላኑ 89,680 ጊዜ በርሮ ነበርና በመገጣጠሚያው ላይ ብዙ የድካም ስንጥቆች ነበሩበት። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን እንዲያ ሆኖ ማሳረፋቸው የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ከአደጋው በኋላ አንዲት ተሳፋሪ ወደ አውሮፕላኑ ስትገባ በበሩ አጠገብ ስንጥቅ አይታ እንደ ነበር ተናገረች። ስትገባ ግን ለማንም አልነገረችም።

በ1998 በሰኔ ወር ደግሞ በጀርመን አገር ኤሼደ በሚባል ቦታ የአንድ ፈጣን ባቡር የመንኰራኵር ቀለበት በድካም ተሰብሮ 101 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ጊዜ ዝም ያለ አልነበረም። ሠራተኞች ስለዚያ ሠረገላ መንቀጥቀጥ ከቀደም ብለው ጽፈው ነበር። በዚያውም ዕለት አንድ ተሳፋሪ የተሰበረው ብረት ወለሉን በስቶ ሲወጣ አይቶ ወደ ባቡሩ ተቈጣጣሪ ሮጦ ነገረ። ተቈጣጣሪው ግን እንደ ደንቡ መጀመሪያ በዐይኑ ሊያይ ወደ ቦታው ሄደ፤ ባቡሩም ሳይቆም ጥቂት ደቂቃ እንደ ሄደ ከሐዲዱ ወጣ።

እንግዲህ ሁለቱን አነጻጽሩ። በመጀመሪያው ያየው አልተናገረም፤ በሁለተኛው የተነገረው ቶሎ አልተቀበለም። የብረቱ ምልክት ግን በሁለቱም ቦታ ነበረ። «ዝም አይነቅዝም» የሚል የአበው ተረት አለን። በሰው መካከል ጠብ ለማብረድ መልካም ምክር ነው። በመኪና ዘንድ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ሰውም ይገድላል።

ስለዚህ ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ሦስት ነገር እለምናለሁ።

ለጓደኞቼ፦ በትምህርት ቤታችን ግቢ የውኃ ፓምፕና የመብራት ማመንጫ ሞተር አሉ። ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ በየዕለቱ ሙቀታቸውንና ድምፃቸውን በተራ የምንመዘግብበት አንድ ደብተር እንክፈት። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሙቀት መለኪያና በብዙዎቻችን ኪስ ያለው ስልክ ንዝረት ለመለካት ይበቃል። ቁጥሩን በሥዕል መሥመር እናስቀምጠው፤ የሒሳብ ትምህርታችንም ሕይወት ያገኛል።

ለመምህሮቻችን፦ መዝገቡን በየሳምንቱ መጨረሻ እንድታዩልን እለምናለሁ። የኤሼደ ነገር እንዳሳየን፥ ተጽፎ ያልተነበበ ምልክት ካልተጻፈው አይሻልምና።

ለእናቶችና ለአባቶች፥ ይልቁንም ለባለመኪናዎችና ለባለወፍጮዎች፦ ትንሹ ረዳት በከንቱ ቢያስቆማችሁ አትሳቁበት። ዘጠኝ ጊዜ ጀሪካን ይሆናል፤ በአሥረኛው ጊዜ ግን ኩሽኔታው ይሆናል። በዘጠኙ ጊዜ የጠፋው አምስት አምስት ደቂቃ ነው፤ በአሥረኛው የሚተርፈውን ግን መንገድ ዳር አህያዋን የምትነዳው እናት ታውቀዋለች።

አጎቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ልማድ አውጥተዋል። በቆሙ ቁጥር ከመኪናው ሳይወርዱ በፊት ረዳታቸውን «ምን ሰማህ?» ብለው ይጠይቁታል። ምንም ካልሰማ «ምንም» ይላል፤ ከሰማም አይፈራም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንዲህ ነው።